ተንሸራታቹ የግቢ በራችን በየክረምቱ ለምን ከሐዲዱ ይወጣል? (ደሴ)

የቧንቧ ውሃ ነዋሪ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደሴ፣ ከቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው። ግቢያችን ተዳፋት ላይ ስለሆነ ወደ ውስጥ የሚከፈት የብረት በር ብናስገባ ክንፉ ዳገቱን እየፋቀ እኩሌታው ላይ ይቆም ነበር፤ ወደ ውጭ እንዳይከፈት ደግሞ መንገዱ ጠባብ ነው። በዚህ ምክንያት ከሦስት ዓመት በፊት 4 ሜትር ስፋትና 2.2 ሜትር ቁመት ያለው፣ ወደ ጎን የሚንሸራተት የላሜራ በር አሠራን። በመጀመሪያው ዓመት ልጆች ሳይቀሩ በአንድ እጃቸው ይገፉት ነበር። ከሁለተኛው ክረምት ወዲህ ግን እየከበደ መጣ። ሮለሮቹን ሁለት ጊዜ አስለወጥን፤ በሁለተኛው ጊዜ የሠራልን ባለሙያ ሁለት ሮለሮች ክብደቱን እንዳልቻሉት ነግሮን መሐል ላይ ሦስተኛ ሮለር ጨመረበት። እርሱም አልረዳም፤ እንዲያውም ባሰበት።

ባለፈው ነሐሴ አንድ ምሽት ስዘጋው ከሐዲዱ ወጥቶ ወደ መንገዱ ዘመመ። ጎረቤቶች ደርሰው በአጣና ደግፈው አቆሙት። ልጄ ከጎኔ ቆማ ስለነበር ያ ምሽት ከዓይኔ አልጠፋ ብሏል። አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ሮለር እንድንገዛ ተነግሮናል። ገንዘቡን ከማውጣቴ በፊት ጥፋቱ በእርግጥ የሮለሩ መሆኑን ማወቅ እፈልጋለሁ።

በዚያው አንድ ሌላ ጥያቄ ልጨምር። የሳሎናችን መስኮት ተንሸራታች አልሙኒየም ሲሆን ፊቱ ወደ ጦሳ ተራራ ነው። ከዚያ በኩል ነፋስ ያዘለ ዝናብ ሲመጣ ውሃው ከመስኮቱ ሥር ወደ ውስጥ ይፈስሳል፤ መስኮቱም ሲከፈት ይንጫረራል። የምታውቁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

በያጅ ከኮምቦልቻ

እህቴ፣ እንኳን ልጅዎን ፈጣሪ ጠበቀልዎ። በብረታ ብረት ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ የገለጹትን ዓይነት በር ደጋግሜ አይቻለሁ። ከሮለሩ በፊት ግን ዛሬውኑ የሚደረግ ነገር ስላለ ከእርሱ ልጀምር።

ተንሸራታች በር በአንድ መስመር ላይ የቆመ የብረት ግድግዳ ማለት ነው። ከታች ያሉት ሮለሮች ክብደቱን ይሸከማሉ እንጂ ቀጥ አድርገው አያቆሙትም። ቀጥ አድርጎ የሚይዘው በምሰሶው ላይ፣ ከበሩ አናት ግራና ቀኝ የሚገቡት መሪ ሮለሮች ናቸው። በሩ ከሐዲዱ ወጥቶ የዘመመው ከላይ ያለው መሪ ስለላላ ወይም በሩ ከልኩ አልፎ ሄዶ ከመሪው ስለተላቀቀ መሆን አለበት፤ መሪው ጠንካራ ቢሆን ኖሮ በሩ ከሐዲዱ ቢወጣ እንኳ መሬት ላይ ተቀምጦ ይቆም ነበር እንጂ ወደ ሰው አይዘምም። ስለዚህ ሦስት ነገሮች ይታዩ። አንደኛ፣ መሪዎቹ ቢያንስ በሁለት ቦታ ተራርቀው፣ በምሰሶው ላይ በደንብ ተበይደው ወይም በቡሎን ታስረው ይሁኑ። ሁለተኛ፣ ሲከፈትም ሲዘጋም በሩን የሚገታ ወፍራም የብረት ማቆሚያ በሁለቱም ጫፍ ይኑር። ሦስተኛ፣ ይህ እስኪሠራ ድረስ ልጆች በሩን እንዳይነኩት ይደረግ። ክብደቱን ሲሰሙ ምክንያቱ ይገባዎታል።

1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ በካሬ ሜትር 11.8 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። የእርስዎ በር 8.8 ካሬ ሜትር ስለሆነ ላሜራው ብቻ 104 ኪሎ ገደማ ነው። ዙሪያውና ሦስት መሐል ቋሚዎች ከ40 በ60 በ2 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ተሠርተው ከሆነ፣ 19 ሜትር ያህል ቱቦላሬ በሜትር 3 ኪሎ ሲታሰብ 57 ኪሎ ይጨመራል። ድምሩ 160 ኪሎ ይደርሳል። ይህን የሚችሉ ሁለት ደኅና ሮለሮች በገበያ ላይ ሞልተዋል፤ እያንዳንዳቸው የሚሸከሙት 80 ኪሎ ብቻ ነው። ስለዚህ "ሁለቱ አልቻሉትም" የተባለው ነገር አላሳመነኝም።

የሦስተኛው ሮለር ነገር ጉዳት እንጂ ጥቅም እንደሌለው በእርግጠኝነት እነግርዎታለሁ። በሩ የማይተጣጠፍ አንድ ወጥ ብረት ነው። ሁለት ሮለሮች ምንጊዜም ሁለቱም ሐዲዱን ይነካሉ። ሦስት ሲሆኑ ግን ሐዲዱ ፍጹም ቀጥ ያለ ካልሆነ አንዱ ይንጠለጠላል። ሐዲዱ መሐል ላይ ጎድጎድ ካለ የመሐሉ ሮለር አየር ላይ ይቀራል፣ ምንም አልረዳም ማለት ነው። መሐል ላይ ጉብ ካለ ደግሞ ክብደቱ ሁሉ በመሐሉ ላይ ይወድቅና ዳርና ዳሩ እንደ ሚዛን ይወዛወዛል፤ ያን ጊዜ የጫፉ ሮለር ከሐዲዱ ተነሥቶ በጎን ይወርዳል። በሩ የባሰበት በዚህ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። የመሐሉን አስነቅለው ሁለቱን ከጫፍና ከጫፍ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ገባ ብለው እንዲበየዱ ያድርጉ።

አሁን ወደ ሐዲዱ። ሐዲድዎ ከመሬት ከፍ ብሎ ጀርባው ወደ ላይ የዞረ አንጎላሬ (ኤል ቅርጽ ብረት) ነው ወይስ በኮንክሪቱ ውስጥ የተቀበረ ቦይ? ቦይ ከሆነ የደሴ ክረምት በየዓመቱ ጭቃና ጠጠር ይሞላዋል፤ ሮለሩ ውሃ ውስጥ ሲዞር ይከርማል፣ ኩሽኔታው ይዝጋል፣ ግራሶው ታጥቦ ይሄዳል። አዲስ ሮለር ቢያስገቡም በመጪው ክረምት ያው ይደገማል። ጀርባው ወደ ላይ በዞረ አንጎላሬ ላይ፣ ቪ ቅርጽ ጎድጎድ ያለው ሮለር ሲሄድ ግን ጭቃው ግራና ቀኝ ይወርዳል እንጂ ከሮለሩ ሥር አይቀመጥም።

ጊዜ ሲያገኙ ይለኩልን። 4 ሜትር በር ሲከፈት የሚሄድበትን ጨምሮ ሐዲዱ ከ8 ሜትር በላይ መሆኑን አይርሱ፤ ብዙ ሰው የሚለካው የመግቢያውን ብቻ ነው። ቀጥተኛነቱን በሲባጎ ይመልከቱ። ከፍታውን ግን በሲባጎ አይለኩ፣ ሲባጎ ራሱ መሐሉ ይረግባል፤ ውሃ የተሞላ ብርሃን አስተላላፊ ቱቦ ይጠቀሙና በየግማሽ ሜትሩ ይመዝግቡ።

የመካኒክስ መምህር

የበያጁ ወንድማችን ማብራሪያ ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ሮለሩ መጠን ነው፤ ሰዎች ሮለር ሲገዙ ስለ ሚሸከመው ክብደት ይጠይቃሉ፣ ስለ ስፋቱ (ስለ ክቡ ዲያሜትር) ግን አይጠይቁም።

ሐዲዱ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ከፍታ ያለው ጠጠር ተቀምጧል እንበል። 80 ኪሎ የተጫነበት፣ 60 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሮለር ያን ጠጠር ለመውጣት ወደ 39 ኪሎ የሚጠጋ ግፊት ይፈልጋል። የሮለሩ ስፋት 100 ሚሊ ሜትር ሲሆን ግን ወደ 29 ኪሎ ይወርዳል። ጠጠሩም ክብደቱም አልተለወጡም፤ የተለወጠው የክቡ ስፋት ብቻ ነው። በሩን በዝግታ ሲገፉ ጠጠሩ ላይ ደርሶ የሚቆመው፣ ከዚያ በኃይል ሲገፉት ድንገት ዘልሎ የሚሄደው ለዚህ ነው፤ ከሐዲዱ የሚወጣውም ብዙውን ጊዜ በዚያ ዝላይ ቅጽበት ነው። ስለዚህ ሮለር የሚለወጥ ከሆነ ቦታው የፈቀደውን ያህል ሰፋ ያለ ይመረጥ፣ ኩሽኔታውም በሁለቱም ጎን የተሸፈነ ይሁን።

ደሴ ተዳፋት ከተማ ስለሆነች ደግሞ የሐዲዱን ዝንባሌ እዩ። ከጫፍ እስከ ጫፍ በ4 ሜትር ውስጥ የ12 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ካለ፣ ማለትም ከመቶ ሦስት ከሆነ፣ 160 ኪሎ የሚመዝን በር በ4.8 ኪሎ ኃይል ራሱን ወደ ታች ይስባል። ኩሽኔታው አዲስ ሲሆን በሩ መቀርቀሪያው እንደተነሣ ብቻውን ይሄዳል፤ የማቆሚያው አስፈላጊነት እዚህ ላይ በእጥፍ ይጨምራል። የግቢው መሬት ቢያዘነብልም ሐዲዱ መሠረቱ ከፍና ዝቅ እየተደረገ ልክ በውሃ ልክ መቀመጥ አለበት።

የአልሙኒየም ሠራተኛ፣ ሰኞ ገበያ

ስለ መስኮቱ ልመልስ። ሁለት የተለያዩ ችግሮች አሉብዎ፤ መንጫረሩና ውሃው አይገናኙም ባይባልም ሥራቸው ለየብቻ ነው።

የመስታወት ክብደት በቀላሉ ይሰላል፦ በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት በካሬ ሜትር 2.5 ኪሎ ነው። 6 ሚሊ ሜትር መስታወት የገባበት፣ 1 ሜትር በ1.2 ሜትር የሆነ አንድ ተንሸራታች ክንፍ በመስታወቱ ብቻ 18 ኪሎ ይመዝናል፤ አልሙኒየሙ ሲጨመር ከ20 ኪሎ ያልፋል። ይህ ሁሉ የሚያርፈው ከክንፉ ሥር በተደበቁ ሁለት ትንንሽ የናይለን ሮለሮች ላይ ነው። መስኮቱ ለወራት ተዘግቶ ሲቆይ ናይለኑ በአንድ ወገን ይጠፈጠፋል፤ ሐዲዱ ላይ የተቀመጠ አሸዋ ደግሞ ይፈጨዋል። ርካሽ ሮለር ኩሽኔታ የለውም፤ ፕላስቲኩ በቀጥታ በብረት ዘንግ ላይ ይሽከረከራል፣ ቀዳዳውም ቶሎ ይሰፋል። ሲገዙ በጣትዎ ያሽከርክሩት፤ ያለ ድምፅ ዞሮ ቀስ ብሎ የሚቆመውን ይምረጡ።

ሮለር ከመለወጥዎ በፊት ግን በክንፉ ጎን ከታች ትንሽ ቀዳዳ ያገኛሉ። በዚያ በኩል ካቻቢቴ ሲገባ ሮለሩን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ብሎን አለ። ብዙ መስኮት የሚንጫረረው ክንፉ በአንድ ወገን ወርዶ የአልሙኒየሙ ጠርዝ ራሱ ሐዲዱን ስለሚፍቅ ነው። ክንፉን ሊዘጉ ሲያስጠጉት ከቋሚው ጋር ያለው ክፍተት ከላይና ከታች እኩል እስኪሆን ብሎኑን ያስተካክሉ። ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። በዚያው ከክንፉ በላይ መነቀልን የሚከለክለው ፕላስቲክ በቦታው መኖሩን ይዩ፤ እርሱ ከሌለ ሌባ ከውጭ ክንፉን ወደ ላይ አንሥቶ ሊያወጣው ይችላል፣ ቁልፉ ምንም ያህል ጠንካራ ቢሆን።

የተቃጠለ ዘይት ሐዲዱ ላይ የሚያፈስሱ ሰዎች አሉ። እባክዎ አያድርጉት፤ ለሁለት ቀን ያለሰልስና ከዚያ አቧራውን ይዞ እንደ ሞረድ ይሆናል። ሐዲዱን በብሩሽና በጨርቅ አጽድተው ካደረቁ በኋላ የሲልከን ስፕሬይ በስሱ ቢረጩበት ይበቃል።

ወደ ውሃው ስንመጣ፣ ተንሸራታች መስኮት ውሃ ወደ ሐዲዱ እንዳይገባ ተደርጎ የተሠራ አይደለም። ውሃው ይገባል፤ ከዚያ በውጭ በኩል ባሉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች እንዲወጣ ነው የታሰበው። በከተማችን ብዙ ቤት የማየው ስሕተት እነዚህ ቀዳዳዎች ጭራሽ አለመበሳታቸው፣ ወይም ተበስተው ሳለ ቀለም ቀቢው ወይም ሲልከን የሚሞላው ሰው ደፍኗቸው መሄዱ ነው። ሐዲዱ ላይ አንድ ኩባያ ውሃ ያፍስሱና በውጭ በኩል ይመልከቱ። ካልወጣ ምክንያቱን አገኙ ማለት ነው።

ቀዳዳው ክፍት ሆኖም ውሃ የሚገባ ከሆነ የሐዲዱ የውስጥ ከንፈር (በቤቱ በኩል ወደ ላይ የቆመው ጠርዝ) አጭር ነው። ነፋስ ውሃውን ወደ ውስጥ ሲገፋ የሚከለክለው የከንፈሩ ቁመት ነው፤ 1 ሳንቲ ሜትር የቆመ ውሃ 98 ፓስካል ያህል ግፊት ይመክታል። እንደ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው ቀጠን ያለ አየር ይህን ግፊት የሚፈጥረው በሰዓት 52 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚነፍስ ነፋስ ነው። ከዚያ በላይ ሲነፍስ 1 ሳንቲ ሜትር ከንፈር ያለው መስኮት ቀዳዳው ክፍት ቢሆንም ያስገባል። ወደ ጦሳ ለዞረ መስኮት ከንፈሩ 3 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፕሮፋይል ቢመረጥ ይሻላል፤ ለሌላው ወገን አጭሩ ይበቃል።

አናጺ (ጡረተኛ)

ልጆቼ የተናገራችሁት መልካም ነው። እኔ ግን በደሴ ብርድና ነፋስ ለሳሎን መስኮት ተንሸራታች መመረጡን ከመጀመሪያው አልደግፍም። የተንሸራታች መስኮት ክፍተት የሚደፈነው በክንፉ ጠርዝ ላይ በሚገባ ፀጉር መሰል ብሩሽ ነው። ብሩሹ መንሸራተት እንዲችል ልል መሆን አለበት፤ ልል ከሆነ ደግሞ ንፋስ ያሳልፋል። በማጠፊያ የሚከፈት መስኮት ግን ሲዘጋ ክንፉ ጎማውን ተጭኖት ይቀመጣል፤ እጀታው ሲጠመዘዝም ይበልጥ ያጠብቀዋል። ቦታ ለሌለው በረንዳ ተንሸራታቹ ይሁን፤ ለጦሳ ፊት ግን የሚታጠፈውን ባደርገው እመርጥ ነበር።

ማጠፊያ ሲባልም ሰው ቁጥሩን እንጂ ቦታውን አያስብም። 40 ኪሎ የሚመዝን፣ 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው በር፣ ሁለቱ ማጠፊያዎች በ1.6 ሜትር ተራርቀው ቢገጠሙ፣ የላይኛው ማጠፊያ ያለማቋረጥ በ11 ኪሎ ኃይል ከመቃኑ ይሳባል፤ የታችኛው ደግሞ በዚያው ልክ ወደ መቃኑ ይገፋል። የላይኛው ብሎን ሁልጊዜ ቀድሞ የሚላላው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስተኛ ማጠፊያ ስትጨምሩ መሐል ላይ ካደረጋችሁት እንጨቱ እንዳይጎብጥ ይይዘዋል እንጂ የመሳቡን ኃይል ብዙም አያግዝም። ከላይኛው በታች አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ አድርጋችሁ ብትመቱት ጭነቱን ይጋራዋል። ሁለቱ ማጠፊያዎች በተራራቁ ቁጥርም መሳቡ ይቀንሳል።

በልጅነቴ በወሎ ገጠር ያየኋቸው የወይራና የጥድ በሮች የብረት ማጠፊያ አልነበራቸውም። ሳንቃው ሲጠረብ ከላይና ከታች ጉጥ ይተውለታል፤ የላይኛው ጉጥ በጉበኑ፣ የታችኛው በደፉ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይሽከረከራል። ክብደቱን በሙሉ ደፉ ይሸከመዋል፤ የላይኛው በሩ እንዳይወድቅ ከመያዝ በቀር ሥራ የለውም። ብሎን የሚሳብበት ነገር ስለሌለ በሩ አይዘምም፤ የሚያልቀው ጉጡ ነው፣ እርሱም በብዙ ዘመን። ዛሬ በየባንኩና በየሱቁ መግቢያ የምታዩት በዘንግ ላይ የሚዞር የመስታወት በር በዚያው አሠራር የቆመ ነው።

ባለ ሱቅ፣ ኮምቦልቻ

ጋሼ የመስታወት በርን ካነሡ አይቀር እኔም ላስቸግር። የሱቄ መግቢያ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ 1 ሜትር በ2.1 ሜትር የሆነ መስታወት ሲሆን ከወለሉ ሥር በተቀበረ ፍሎር ስፕሪንግ (በሩን መልሶ የሚዘጋ ማሽን) ላይ ይዞራል። ጠዋት ቀስ ብሎ ይዘጋል፤ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ግን በኃይል ይላተማል። መስታወቱ ይፈነዳብኛል ብዬ እሰጋለሁ። ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን?

የመካኒክስ መምህር

ወንድሜ፣ ከሰዓት በኋላ መፍጠኑ ብቻውን የብልሽት ምልክት አይደለም። በማሽኑ ውስጥ ሞላው (ስፕሪንጉ) በሩን ይመልሰዋል፣ ዘይቱ ደግሞ በጠባብ መተላለፊያ እያለፈ ፍጥነቱን ይገታዋል። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፣ በቀላሉም ያልፋል። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ሞቃት ከተማ ስለሆነች፣ በተለይ ፀሐይ በቀጥታ በሚያርፍበት መግቢያ ላይ፣ የጠዋቱና የከሰዓቱ ልዩነት ይታያል።

ከወለሉ ላይ ያለውን ሽፋን ቢያነሡ ሁለት ማስተካከያ ብሎኖች ያገኛሉ፤ አንደኛው የአብዛኛውን መዞር ፍጥነት፣ ሁለተኛው የመጨረሻዋን አጭር ጉዞ ይገዛል። የሚላተመው በመጨረሻው ከሆነ ሁለተኛውን ብቻ ይንኩ። በሞቃቱ ሰዓት ሆነው ከሩብ ዙር ባነሰ ወደ ቀኝ ያዙሩትና በሩን አሥር ጊዜ ያህል ከፍተው ይሞክሩ። ወደ ግራ አብዝተው አያላሉት፤ ብሎኑ ከወጣ ዘይቱ ተስፈንጥሮ ይወጣል፣ ማሽኑም በቦታው ላይ አይጠገንም። ብሎኑ ጠብቆም በሩ በነጻ የሚወረወር ከሆነ፣ ወይም ሳጥኑ ውስጥ ዘይት ካዩ፣ ያን ጊዜ መለወጥ አለበት።

ሲለውጡ ክብደቱን አስልተው ይግዙ። መስታወትዎ በካሬ ሜትር 30 ኪሎ ስለሆነ 63 ኪሎ ነው። በአውሮፓ የበር መዝጊያ ደረጃ መሠረት ቁጥር 3 የሚያገለግለው እስከ 950 ሚሊ ሜትር ስፋትና 60 ኪሎ ነው፤ ቁጥር 4 እስከ 1,100 ሚሊ ሜትርና 80 ኪሎ ይችላል። ለእርስዎ የሚሆነው ቁጥር 4 ነው። ቁጥር 3 ቢገጠም ለጥቂት ወራት የሚሠራ ይመስላል፤ ኋላ ግን ሞላው ይደክማል። ሱቁ ሲታጠብ ውሃ ወደ ሳጥኑ እንዳይገባም ይጠንቀቁ፤ ማሽኑን ከውስጥ የሚበላው እርሱ ነው። አዲስ ማሽን ሲገጠም መስታወቱን እንደገና ለመብሳት የሚሞክር ሰው ካለ ከልክሉት፤ በሙቀት የጠነከረ መስታወት ከጠነከረ በኋላ ከተበሳ ወይም ከተቆረጠ ደቅቆ ይበተናል።

የቧንቧ ውሃ ነዋሪ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በመካከሉ የተባለውን ሁሉ ስለካ ስለነበር ነው የዘገየሁት።

ሐዲዳችን እንደተጠረጠረው በኮንክሪት ውስጥ የተቀበረ ዩ ቅርጽ ቦይ ነው። በውሃ ቱቦ ስንለካው በ8.4 ሜትር ርዝመት ውስጥ ሁለቱ ጫፎች እኩል ሲሆኑ ከመግቢያው መሐል ትንሽ ወደ ግራ 14 ሚሊ ሜትር ወርዷል፤ መኪና ሲያልፍ የአንዱ ወገን ጎማው መንገድ ነው። ኮንክሪቱም እዚያው ላይ ተሰንጥቋል። ከላይ ያለው መሪ አንድ ብቻ ሆኖ የተያዘው በሁለት ነጥብ ብየዳ ነበር፤ ማቆሚያ ደግሞ በመክፈቻው በኩል ጭራሽ አልነበረም። ሁለት መሪና ሁለት ማቆሚያ ወዲያውኑ አሠርቻለሁ፤ የመሐሉም ሮለር ተነቅሏል። የድሮዎቹ ሮለሮች ስፋት 60 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 100 ሚሊ ሜትር፣ ቪ ቅርጽ ጎድጎድ ያላቸውን አዘዝኩ።

መስኮቱ ላይ አንድ ኩባያ ውሃ አፍስሼ ነበር፤ ጠብታ እንኳ አልወጣም። ሁለቱ ቀዳዳዎች በሲልከን ተደፍነው ተገኙ። ተከፍተዋል። መንጫረሩም ብሎኑ ሲስተካከል ተወ። ጋሼ የመከሩትን የሚታጠፍ መስኮት አቅሜ ሲፈቅድ በዚያ በኩል አስገባለሁ።

የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው። አዲሱን አንጎላሬ በድሮው ኮንክሪት ላይ ብናስቀምጠው ይበቃል ወይስ መሠረቱ እንደገና ይቆፈር? አፈራችን ጥቁርና በበጋ የሚሰነጠቅ ነው።

በያጅ ከኮምቦልቻ

እህቴ፣ የድሮው ኮንክሪት በመኪና ክብደት ከተሰነጠቀ አዲሱን ሐዲድ አይሸከመውም፤ 14 ሚሊ ሜትሩ በሁለት ክረምት ይመለሳል። ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ላዩ ላይ የተቀመጠ ስስ ኮንክሪት ከእርሱ ጋር ከፍና ዝቅ ይላል። በመግቢያው በኩል ያለው ይፍረስና ጥቁሩ አፈር እስኪያልቅ ወይም ስንጥቁ የማይደርስበት ጥልቀት እስኪገኝ ይቆፈር። ከሥሩ ድንጋይ ተጠቅጥቆ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ የሆነ፣ ከላይም ከታችም ፌሮ የተዘረጋበት ቢም ይሞላ። ምሰሶዎቹም ከዚሁ ቢም ጋር ይያያዙ፤ ምሰሶው ለብቻው ቢያዘነብል መሪው አብሮት ይሄዳልና።

አንጎላሬውን ኮንክሪቱ ውስጥ አታስቀብሩት። በየግማሽ ሜትሩ ከቢሙ የወጣ አጭር ብረት ላይ በውሃ ልክ እየተስተካከለ ይበየድ፤ ቀጣዩ አንጎላሬ ከፊተኛው ጋር የሚጋጠምበት ቦታ በግራይንደር ተስተካክሎ ጣት ሲያልፍበት እንዳይያዝ ይሁን። ከግቢው በኩል የሚወርደው ጎርፍ ሐዲዱን አቋርጦ እንዳይሄድ ከሐዲዱ በላይ በኩል ትንሽ ቦይ ይሠራና ውሃው በቱቦ ወደ መንገዱ ዳር ይውጣ። ሥራውን በጥቅምት አጋማሽ ገደማ ቢጀምሩት ጥሩ ነው፤ ዝናቡ አቁሟል፣ አፈሩም ገና አልተሰነጠቀም። ኮንክሪቱ ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ እየጠጣ ይቆይ፤ መኪና ደግሞ 28 ቀን ሳይሞላው አይለፍበት።